ከሐረር ጓዳ፦ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሙያ

ድሬዳዋን ለቆ ወደ ሐረር የሚወጣው መንገድ ደንገጎ ሲደርስ ሙቀቱ ከኋላ ይቀራል። ጠመዝማዛውን እስክንጨርስ የሚኒባሱ መስኮት አንድ በአንድ ተዘጋ፤ ነጠላ የያዘ ተከናነበ። ሐረማያ ላይ፣ አንድ ጊዜ ደርቆ የነበረው ሐይቅ ዛሬ ውሃ ይዞ አየነው። የአወዳይ የጫት ገበያ እንደ ወትሮው መንገዱን ሞልቶታል። ከዚያ በኋላ ሐረር ሩቅ አይደለችም።

ወደ ሐረር እሄዳለሁ ሲሉት ሰው ሁሉ ስለ ጅቡ ያወራል። ማታ ማታ ሰው ጅብ ሲያበላ ማየት በእርግጥም ደስ ይላል፣ እኔም አይቻለሁ። ያን ሁሉ መንገድ ያስኬደኝ ግን የቤቱ ውስጥ ነው። ያደግኩት ሰሜን ሸዋ፣ ስፌት በሚሰፋበት ቤት ነው። እናቴና እህቶቿ ክረምት ሲወጣ ስንደዶ ነቅለው፣ አክርማ አዘጋጅተው፣ አለላ የሚሆነውን ሣር ቀለም አግብተው መሶብና ሙዳይ ይሰፉ ነበር። የሐረር ሴቶች ስፌት ከዚያ በምን እንደሚለይ በዓይኔ ማየት የብዙ ጊዜ ምኞቴ ነበር።

በሸዋ በር ገባሁ። ጀጎል የሚባለውን አሮጌውን ከተማ የከበበውን ግንብ ያሠሩት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ናቸው። ዩኔስኮ ጀጎልን በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ሰማንያ ሁለቱን መስጊዶች ጠቅሷል፤ ከሁሉ አስደናቂው ግን የቤቶቹ የውስጥ አሠራር እንደሆነ ጽፏል። በዚህ እስማማለሁ። ቀጫጭኖቹ መተላለፊያዎች ራሳቸው ያምራሉ፤ አንዱ ግድግዳ አረንጓዴ፣ ቀጣዩ ሰማያዊ፣ ከዚያ ወዲያ ነጭ። ረመዳን ሲቃረብ ቤት ቀለም መቀባት ልማድ ስለሆነ ቀለሙ አያረጅም። ከውጭ ግን ቤቱ ራሱን አያሳይም። አጥርና የግቢ በር ብቻ ነው የሚታየው።

ያረፍኩት እንግዳ በሚቀበሉ አንዲት እናት ቤት ነው። ሳሎኑ ወለሉ አንድ ወጥ አይደለም፤ ከፍ ዝቅ እያለ የተሠራ መደብ አለው፣ እነሱ ነደባ ይሉታል። አባወራው የሚቀመጥበት፣ የክብር እንግዳ የሚቀመጥበት፣ ልጆች የሚቀመጡበት ሁሉም የታወቀ ነው። መደቡ ቀይ አፈር ተቀብቷል። ቀይነቱ በ1887 እ.ኤ.አ. የምኒልክ ጦርና የሐረር አሚር ጦር በተዋጉበት በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። በጎን በኩል ሙሽሮች የጫጉላ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉባት ትንሽ ክፍል አለች፤ ኪርታት ትባላለች።

ግድግዳው ላይ ደግሞ ስፌት አለ። ከመደቡ በላይ እስከ ጣሪያው ድረስ ሰፋፊው ክብ ስፌት፣ ትንንሹ፣ ክዳን ያለው፣ በመካከላቸው ያበባ ሳህን። ግራና ቀኙ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተመጣጥኗል፤ አንዱ ቢነሳ ቦታው ወዲያው ያስታውቃል። ቀዩ፣ ብርቱካናማው፣ ጥቁሩና አረንጓዴው አለላ ከመሀል ተነስቶ እየሰፋ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ሌላ ሐረግ ይሆናል። ሁለት አንድ ዓይነት አላገኘሁም።

«እማማ፣ ይሄን ሁሉ እርስዎ ነዎት የሰፉት?» አልኳቸው።

«የእኔም አለበት፣ የእናቴም አለበት። ያ ከላይ ያለው የአያቴ ነው። ተሰቅሎ የሚቀር እንዳይመስልሽ ልጄ፤ ድግስ ሲመጣ ሁሉም ይወርዳል።»

በእኛ ቤት ጥሩው መሶብ በጨርቅ ተጠቅልሎ ለክፉ ቀን፣ ለትልቅ እንግዳ ይቀመጥ ነበር። የእናቴን ምርጥ ሥራ ያየሁት በዓመት አንድ ሁለቴ ነው። እዚህ ግን ልጅ ዓይኗን ስትገልጥ የአያቷን ስፌት ታያለች፤ ምሳ ስትበላ ታየዋለች፣ ስታጠና ታየዋለች። ጎረቤት ሲገባም መጀመሪያ የሚያርፍበት እዚያው ነው። እጅ በምን ይሠለጥናል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ከመመሪያ ይልቅ ጥሩ ሥራ ዘወትር ዓይን ሥር መዋሉ ይመስለኛል።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቁጢ ተፈላ። የቡና ቅጠል ነው፣ በወተት። የጎረቤት ሴቶች መጡና አንዷ ወጣት፣ የቤቱ እናት የወንድም ልጅ፣ የጀመረችውን ስፌት ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። አለላው ለስለስ እንዲል በውሃ ርሷል። ከቀጭኑ ሣር ጥቂት ዘለላ በግራ እጇ ታሰልፍና ከሥሩ ያለውን ዙር በወስፌ ትበሳዋለች፤ ወስፌው ሲወጣ ቀዳዳው ሳይዘጋ አለላውን ታስገባለች፣ ጥብቅ አድርጋ ትስባለች። የውስጡ ሣር ሊሳሳ ሲል ሌላ ትጨምራለች። ዙሩ እንዳይወፍር እንዳይቀጥን የሚጠብቀው ጣቷ ነው። የሚለካ ነገር የለም፣ የተሳለ ንድፍም የለም። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ትቆጥራለች። ቀለም የምትቀይርበት ቁጥር ሲደርስ ቀዩን ትታ ጥቁሩን ታነሳለች። አንድ ጊዜ ሥራውን ገልብጣ አየችው፣ ዝም ብላ የሰፋችውን ጥቂት ፈታች፣ እንደገና ጀመረች።

ሐረጉ ግድግዳው ላይ ካሉት አንዱንም አይመስልም። ከየት እንዳመጣችው ስጠይቃት «ከሻሽ ነው» አለችኝ። አንዲት የክፍል ጓደኛዋ ትለብሰው የነበረ ሻሽ ጠርዝ ላይ ያየችው ነው፤ እሱን ወደ ክብ ለመመለስ ብዙ ጊዜ ሰፍታ ፈታለች። እኔ የቤቱን እናት ፊት ማየት ጀመርኩ። ከአያት የመጣ ሐረግ ተትቶ የሻሽ ጠርዝ ሲሰፋ ቅር ይላቸው ይሆን ብዬ ነው። ስፌቱን ተቀበሏት፣ አውራ ጣታቸውን በዙሩ ላይ አስኬዱ፣ አንድ ቦታ ቆም አሉ።

«እዚህ ጋ ላልቷል» አሏት። ስለ ሐረጉ አንዲት ቃል አልተናገሩም።

ከጉዞዬ ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ይህ ነው። አዲስ ነገር ለመሞከር ፈቃድ መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ መላላት ግን አይፈቀድም። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚሆነው የተገላቢጦሽ ነው። ልጅ አዲስ ነገር ሲሞክር «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ» እንለዋለን፣ እንደ ወትሮው ሆኖ የተዝረከረከውን ግን እናልፈዋለን። ደብተሩ ዳር ላይ ሥዕል የሚስል ተማሪ ትምህርት እንደጠላ ይቆጠራል። አስተማሪም ወላጅም ያን ሥዕል አንስቶ «እዚህ ጋ እጁ አጥሯል» ቢለው ልጁ ምን ያህል እንደሚያድግ አስባለሁ። እንዲህ ያለ እርማት ሥራን ከልብ ማየት ነው፤ ከባዶ ውዳሴ እጅግ ይበልጣል።

ከጀጎሉ አደባባይ ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ የሚወስደው መንገድ መኪና ግርግር ይባላል፤ ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ደጅ አውጥተው ሲሰፉ የሚሰማው ድምፅ ነው ስም ያወጣለት። ደንበኛዋ ጨርቁን ከፊት ለፊት ካለው ሱቅ ገዝታ ትመጣና እዚያው ቆማ ትነጋገራለች፤ እጅጌው እስከዚህ፣ ጥለቱ ከታች፣ የለም ከላይ። ሰፊው ጠመኔውን ይዞ ያዳምጣል፣ «እንዲህ ቢሆንስ» ይላል። የሚወጣው ልብስ የሁለቱም ሐሳብ ነው። ብዙ ቆሜ አየኋቸው።

ራስ ተፈሪ ይኖሩበት በነበረው ቤት ውስጥ ያለውን የሸሪፍ ሙዚየምንም አልዘለልኩትም። አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ የሐረርን ዘፈን በካሴት ከመሰብሰብ ተነስተው በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት፣ ሳንቲም፣ ጌጥና አልባሳት ያሰባሰቡበት ነው፤ መጀመሪያ ላይ ስብስቡ የነበረው በመኖሪያ ቤታቸው ነው። የሐረር መጻሕፍት የቆዳ ድጉሳቸው ከኋላ በኩል ዞሮ ገጹን የሚሸፍን ምላስ አለው። አቶ አብዱላሂ የተጎዱትን መጻሕፍት በራሳቸው እጅ ጠግነዋል፤ ያን ለማድረግ የድሮዎቹ እንዴት እንደደጎሱ ማጥናት ነበረባቸው።

ከመመለሴ በፊት ስፌት ልገዛ ገበያ ወጣሁ። በሰው ሠራሽ ክር ቶሎ ቶሎ የተሰፋም አለ፣ በሣር የተሰፋም አለ፤ ጠርዙን በጣት ጫን ሲያደርጉት ይለያል። አንድ ጎብኚ የሣሩን አንስቶ በግማሽ ዋጋ ካልሰጠሽኝ እያለ ሻጯን ሲያደክማት ሰማሁና አዘንኩ። ስንት ከሰዓት በኋላ እዚያ ዙር ውስጥ እንደገባ አይቻለሁና።

ተመልሼ የቤቱን እናት አማከርኳቸው። ከግድግዳው የሚሸጥ እንደሌለ አስቀድመው ነገሩኝና ወደ ወንድማቸው ልጅ መሩኝ። የሻሹን ሐረግ በእንጀራ ማቅረቢያ መጠን አዘዝኩ፤ የጠራችውን ዋጋ ሳልከራከር ቀብድ ከፈልኩ። መቼ እንደሚደርስ ስጠይቃት፣ የያዘችውን ሳትጨርስ ሌላ እንደማትጀምር፣ ቀዩም አለላ እንዳለቀባት ነገረችኝ። አክስቷ ከወዲያ «አታጣድፊያት፣ ላልቶ እንዳይመጣብሽ» አሉኝ። አላጣድፋትም።