ለሐይቅ የሚሆን ርካሽ ፊሽ ፋይንደር፦ እስካሁን የገባኝ

ቅዳሜና እሁድ መቃጥን ይዛችሁ ወደ ሐይቅ (የወሎው ሐይቅ ማለቴ ነው) ለምትወርዱ የደሴ ልጆች፣ እንዲሁም እንደኔ ከኮምቦልቻ ተነስታችሁ መጀመሪያ ደሴን ለምትወጡ። ጀልባ ላይ ማጥመድ ለጀመረ ሰው ምን ዓይነት ፊሽ ፋይንደር (ድምፅ ወደ ውኃ ልኮ ወለሉንና ዓሣን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ይበቃዋል የሚለውን ስፈትሽ ከርሜ ነበር፤ እነሆ።

ሻጭ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ጥልቀት ነው። ይሄ 400 ሜትር ያያል፣ ያኛው ከዚያም ያልፋል ይላችኋል። እርሱት። ሐይቅ ጥልቅ የተባለው ቦታው 80 ሜትር አካባቢ ነው፣ እዚያ መሃል ደግሞ ሥራ የለንም። ታችኛው ውኃ ከላይኛው ጋር በደንብ ስለማይቀላቀል ኦክስጅን ያጥረዋል። ቆሮሶ የሚውለው ዳር ዳሩን፣ ቄጠማው አካባቢ ነው።

አሁን ሒሳቡን እዩት። ትራንስዱሰሩ (ውኃ ውስጥ ገብቶ ድምፅ የሚልከው ክፍል) በ200 ኪሎ ኸርዝ ሲሠራ ብዙ ጊዜ የጨረሩ ስፋት 20 ዲግሪ ገደማ ነው። 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ወለሉን በ3.5 ሜትር ስፋት ያሳያችኋል። 2 ሜትር ላይ ግን 70 ሳንቲ ሜትር ብቻ! ቆሮሶው ደግሞ የጀልባችንን ጥላ አይቶ ገና ድሮ ሸሽቷል። ስለዚህ በጥልቀት የለሽ ውኃ ዓሣውን ራሱን አያለሁ ብላችሁ አትግዙ። የሚጠቅመው ወለሉ የት ጋ ቁልቁል እንደሚሰበር፣ ሣሩ የት እንደሚያልቅ ማወቁ ነው፤ ያንን ቦታ ምልክት አድርጋችሁ ራቅ ትሉና ድምፅ ሳታሰሙ ከሩቅ መወርወር ነው።

ለዚህ ነው ጂፒኤስ ከስክሪን ስፋት ይበልጣል የምለው። ጋርሚን ስትራይከር 4 ስክሪኑ 3.5 ኢንች ብቻ ነው፣ ካርታም የለውም፣ ግን ቦታ ይመዘግባል። ሃሚንበርድ ፒራንሃማክስ 4 ሰፋ ያለ ስክሪን አለው፣ ጂፒኤስ ግን የለውም። የመጀመሪያውን መረጥኩ። ከስልክ ጋር በዋይፋይ የሚሠሩት፣ እንደ ዲፐር ያሉት፣ ከዳር ሆኖ ለሚወረውር ሰው አሪፍ ናቸው። ጀልባ ላይ ግን የቀትር ፀሐይ የስልኩን ስክሪን ድራሹን ያጠፋዋል፣ እጃችሁም የዓሣ ልጋግ ሆኖ ስልክ መነካካት አይመችም።

ባትሪው ያስፈራኝ ነበር፣ ግን አብሽሩ፣ ቀላል ነው። ዩፒኤስ ውስጥ የሚገባው ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ድፍን ባትሪ ይበቃል። መሣሪያው የሚስበው ሩብ አምፔር እንኳ ስለማይሞላ ቀኑን ሙሉ ይዘልቃል። ፖዘቲቩ ሽቦ ላይ ፊውዝ ማስገባት እንዳትረሱ።

የተከራየነው ጀልባ የእንጨት ነው። ድምፁ በእንጨት አልፎ በደንብ ስለማይሄድ ትራንስዱሰሩ የግድ ውጭ መውረድ አለበት። ጀልባውን መብሳት የማይታሰብ ነው፣ ባለቤቱም አይፈቅዱም። ስለዚህ አንድ ጣውላ ጫፍ ላይ አሰርኩትና ጣውላውን በአናጢ ሞርሳ ከጎን ወጠርኩት። ፊቱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ካላየ ወለሉ ደብዝዞ ይታያል፤ ከቀዘፋው የሚነሳ አረፋ ከገባበት ደግሞ ስክሪኑ በነጠብጣብ ይሞላል። የጀልባው ባለቤት ይሄን ሁሉ ጣጣ ሲያዩ፣ «አንተ ልጅ፣ ቄጠማው የት እንደሚያልቅ እኔ ያለ ቴሌቪዥን አውቀዋለሁ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እሳቸው ያሉኝን ቦታዎች ነው አሁን አንድ በአንድ እየመዘገብኩ ያለሁት።

አሁን የያዝኩት ትምህርት ማንበቡን ነው። የዓሣ ሥዕል የሚያወጣውን ቅንብር አጥፍቼዋለሁ፤ ሣርም፣ አረፋም፣ የሰመጠ ቅርንጫፍም ዓሣ አድርጎ ይስልላችኋል። ስክሪኑ ላይ አዲሱ ነገር በቀኝ ጫፍ ያለው ነው፣ ግራው ያለፋችሁት ነው። ጀልባው ሲንቀሳቀስ ዓሣ እንደ ቅስት ይታያል፣ ቆማችሁ ከሆነ ግን ከሥር የተኛ ዓሣ ረጅም መስመር ይሆናል። የመስመሩ ርዝመት የቆየበትን ጊዜ እንጂ የዓሣውን ትልቅነት አይነግርም። አምባዛ ወለሉ ላይ ሲለጠፍ ከወለሉ መለየት አሁንም ያቅተኛል፤ ዙም አድርጋችሁ የምትለዩ ካላችሁ የትኛውን ቅንብር እንደምትጠቀሙ ጻፉልኝ።