ከፍላፕ ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ አንድ ትራስ ያስከፈለኝ

ይህን የምጽፈው ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ ተረከዜ ላይ ያለው ሁለት ጣት የሚያህል ጠባሳ ባልኖረ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በመኪና አደጋ የግራ ተረከዜ ቆዳ ከኋላ በኩል ተገፈፈ። ቁስሉ ሲጠረግ አጥንቱና ጅማቱ ተራቁተው ታዩ። ከጭኔ ስስ ቆዳ ተልጦ የሚለጠፍብኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግራፍት ይባላል። ግራፍት የራሱ ደም የለውም፤ ከተለጠፈበት ቦታ እየሳበ ነው የሚኖረው። የተራቆተ አጥንት ላይ ደግሞ የሚስበው ነገር አያገኝም። ስለዚህ ፍላፕ አስፈለገ። ፍላፕ ማለት ቆዳው ከነስቡና ከነደም ሥሩ ተነስቶ የሚዞርበት ነው። ለእኔ የተመረጠው ሱራል ፍላፕ ነው። ከባቴ ላይ ቆዳ ተነሳ፤ ደም የሚያመላልስለት ግንድ ከቁርጭምጭሚቴ ትንሽ ከፍ ብሎ ሳይቆረጥ ቀረ፤ ከዚያ ወደ ታች ተገልብጦ ተረከዜን ሸፈነ።

ቀዶ ሕክምናው ያለ ችግር አለፈ። ሐኪሞቹ እጃቸው ይባረክ። የእኔ ጣጣ የመጣው በሁለተኛው ሌሊት ነው።

ከዋርዱ የተሰጠን ወረቀት ላይ «እግርን በትራስ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ» ይላል። ምክሩ በራሱ ልክ ነው፤ እግር ከፍ ሲል እብጠት ይቀንሳል። ግን ትራሱ የት ይግባ የሚል ቃል የለበትም። የመጀመሪያውን ቀን እግሬ በትክክል ተቀምጦ ነበር። በሁለተኛው ቀን ማታ አንሶላ ሲቀየር ትራሱ ከቁርጭምጭሚቴ ከፍ ብሎ ከኋላ ገባ። በትክክል ግንዱ የሚያልፍበት ቦታ ላይ። የእግሬ ክብደት በሙሉ እሱ ላይ አረፈ።

እዚህ ላይ ስለ ደም ሥር አንድ ነገር ላስረዳ። ደም የሚያስገባው ደም ቅዳ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ደሙም በኃይል ነው የሚገፋው። ደም የሚያስወጣው ደም መልስ ስስ ነው፤ ትንሽ ሲጫኑት ይደፈጠጣል። ስለዚህ ግንዱ ሲጫን መጀመሪያ የሚዘጋው መውጫው ነው። ደም ይገባል፣ አይወጣም። ፍላፑ ይወጠራል፣ ይጠቁራል፣ ውስጡ ያለው ደም መርጋት ይጀምራል። በመጨረሻ መግቢያውም ይዘጋል።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እህቴ ቀሰቀሰችኝ። አጠገቤ ወንበር ላይ ነበር የምታድረው። ፋሻው ላይ ፍላፑ እንዲታይ የተተወች ትንሽ መስኮት አለች፤ በስልኳ መብራት እሷን እያየች ነበር። «ማታ ቀለሙ እንዲህ ነበር?» አለችኝ። አልነበረም። ማታ እንደ ሌላው ቆዳዬ ነበር። አሁን የወይን ጠጅ መስሏል፤ ከመወጠሩ የተነሳ ያብለጨልጫል።

እኔ ምንም አላመመኝም። ይህን በደንብ ያዙልኝ። ፍላፑ ሲነሳ ነርቩ ስለሚቆረጥ ስሜት የለውም። ሲታፈን አያሳክክም፣ አይወጋም። ሕመም ያስጠነቅቀኛል ብላችሁ ከጠበቃችሁ ትቀደማላችሁ።

እህቴ ተረኛዋን ነርስ ጠራች። ነርሷ መጣች፣ በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው። የነጣው ቦታ ዓይን ሳይርገበገብ ተመልሶ ጠቆረ። «አየህ? ወዲያው ተመለሰ። ደሙ እየሄደ ነው ማለት ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ መበለዝ ያለ ነው። አይዞህ፣ ተኛ» አለችኝ።

እኔም አመንኳት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ቶሎ መመለሱ ጥሩ ምልክት መሰለኝ። ጤነኛ ፍላፕ ሲጫኑት ይነጣና 2 ሰከንድ ገደማ ቆይቶ ነው ቀለሙ የሚመለሰው። ጠቁሮ፣ ተወጥሮ፣ በዚያ ላይ ደግሞ በቅጽበት ከተመለሰ ውስጡ ደም ታምቋል፤ መውጫው ተዘግቷል። ነጥቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ለመመለስ ከዘገየ ደግሞ መግቢያው ነው የተዘጋው። ያቺ ምርመራ በትክክል ተደርጋ በትክክል ተገላቢጦሽ ተነበበች።

እህቴ «ሲስተር፣ ይቅርታ፣ ዶክተሩ ይጠራልን» አለች። «ጠዋት ራውንድ ላይ ያዩታል» ተባለች። ደግማ ልትጠይቅ ስትል ያስቆምኳት እኔ ነኝ። «ተይ በቃ፣ ሰው አናስቸግር» አልኳት። ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ማንም አልመጣም። ኋላ ላይ ቻርቴን ሳየው ግን በዚያ ሌሊት ሦስት ጊዜ «ቀለም፦ ደህና» ተብሎ ተጽፏል። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ጠዋት 2 ሰዓት ዋናው ሐኪም ገባ። ሰላም እንኳ አላለኝም። አንዴ አየና ትራሱን መዞ አወጣው። ፋሻውን ፈታ፣ ግንዱ ላይ ያሉትን ጥቂት ክሮች ቆረጠ፣ ፍላፑን በመርፌ ጫር አደረገው። ወዲያው ጥቁር ደም ወጣ፤ የተቃጠለ ዘይት ነው የሚመስለው። እየጠረገ ጠበቀ። ጎዙ ላይ የሚታየው ደም ከጥቁር ወደ ደብዛዛ ቀይ፣ ከዚያ ወደ ደማቅ ቀይ ሲሄድ እኔም እህቴም ትንፋሻችንን ይዘን እናይ ነበር። አብዛኛው ፍላፕ ቀለሙ ተመለሰ። ከግንዱ የራቀው ጫፍ ግን አልተመለሰም።

ቀጣዮቹን ሁለት ቀናት በየጥቂት ሰዓቱ እየተጫረ፣ ደም እንዳይረጋ በሚያደርግ መድኃኒት የራሰ ጎዝ እየተደረገበት ቆየ። አልቅት የሚጠቀሙ ሆስፒታሎችም እንዳሉ ያኔ ነው የሰማሁት። አልቅቱ የታመቀውን ደም ይመጥጣል፤ ምራቁ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ደግሞ ከወረደ በኋላም ለሰዓታት ደሙ እንዲፈስ ያደርጋል። ሆዱ ውስጥ ባክቴሪያ ስላለ አብሮ ፀረ ተሕዋስያን ይሰጣል። ለእኔ አላስፈለገም። ጫፉ ጠቆረ፣ ደረቀ፣ ተቆርጦ ወጣ። ከሥሩ ቀይ ሥጋ እስኪበቅልና እስኪድን ሳምንታት ፈጀ።

ጥፋቱን ሁሉ ትራሱ ላይ አልጥልም። ከአደጋው በኋላ ሲጋራ እንዳቆም በግልጽ ተነግሮኝ ነበር። አቁሜያለሁ ብዬ ፈረምኩ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባለው ሳምንት ግን ተደብቄ አጭሻለሁ። ኒኮቲን ጥቃቅን ደም ሥሮችን ያጠባል፤ ጭሱ ደግሞ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ የሚራበው ከግንዱ የራቀው ጫፍ ነው፤ እኔም ያጣሁት ጫፉን ነው። ጊዜ ካላችሁ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት አቁሙ። ካላቆማችሁ ደግሞ ለሐኪሙ እውነቱን ንገሩት፤ ዕቅዱን ሊቀይር ይችላል።

አሁን ፍላፕ ሊሠራለት ያለ ሰው ሲጠይቀኝ የምለው ይሄን ነው። ማደንዘዣ ከመውሰድህ በፊት ሐኪሙን «ግንዱ በየት በኩል ነው የሚያልፈው?» በለው። ቆዳህ ላይ በእስክሪብቶ ያሳይህ፣ አስታማሚህም ይይ። ትራስ፣ ጠባብ ፋሻ፣ የአልጋ ብረት፣ ምንም ነገር እዚያ ላይ አይረፍ። ለእኔ በኋላ የተጠቀለለ አንሶላ ከጉልበቴ ሥር ገብቶ የኋላው ክፍል አየር ላይ እንዲንሳፈፍ ተደረገ። ከመጀመሪያው እንዲህ ቢሆን ምን ነበረበት?

አስታማሚ ማታ ይውጣ ቢሏችሁ ለመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት እሺ አትበሉ። ደንቡን አውቀዋለሁ። ግን ደም የሚረጋው በአብዛኛው በእነዚህ ቀናት ነው፤ እህቴ ባትኖር ኖሮ በዚያ ሌሊት መስኮቷን የሚያይ ሰው አልነበረም። በየሰዓቱ፣ በአንድ ዓይነት መብራት፣ ከአንድ ርቀት ፎቶ አንሱ። «ማታ እንዲህ ነበር፣ አሁን እንዲህ ሆነ» ብሎ ፎቶ ማሳየት «የጠቆረ መሰለኝ» ከማለት ይሻላል። ተረኛው ሐኪም ይቀስቀስ። ቢቆጣም ይቆጣ።

ሌላውን ሁሉም ይነግራችኋል፦ ክፍሉ ይሙቅ፣ ውኃ ጠጡ፣ ሕመም አትታገሡ፣ ስኳር ካለባችሁ ይስተካከል፣ ፕሮቲን ብሉ። አንድ ብቻ ልጨምር፤ ይሙቅ ብላችሁ ፍላፑ ላይ የሞቀ ነገር አታድርጉ። ስሜት ስለሌለው ሲቃጠል አታውቁም። እግር ማውረድም ሐኪሙ ሲፈቅድ ብቻ ነው። እኔ በአንድ ጊዜ ለ5 ደቂቃ ብቻ በማውረድ ነው የጀመርኩት። ሳወርደው ሲጠቁር ደንግጬ ነበር፤ ከፍ ሳደርገው ተመለሰ።

ለሆስፒታሉ አቤቱታ ጽፌ ነበር። «ለታካሚው አስፈላጊው መመሪያ በጽሑፍ ተሰጥቶታል» የሚል መልስ መጣ። ባለፈው ለክትትል ስሄድ ወረቀቱን አየሁት፤ አንድ ቃል አልተቀየረም። አጠገቤ በሚቀጥለው ቀን ሊተኛ የመጣ ልጅ ያንኑ ወረቀት ይዞ ተቀምጧል። እስክሪብቶ ተውሼ ከሥሩ «ግንዱ በየት በኩል ነው?» ብዬ ጻፍኩለት። ተራው ደርሶ ሲገባ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ሊከት ሲል አየሁትና «በእጅህ ያዘው» አልኩት።