እማዬን ይዤ ሮም

እማዬ ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ ጀርመን በመጣች በሁለተኛው ሳምንት «ቪዛሽ ሼንገን ነው፤ ሌላም አገር ያስገባል። የት ልውሰድሽ?» አልኳት። ፓሪስ ትላለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። እሷ ግን ምንም ሳታመነታ «ሮም» አለች። «የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውን ቦታ ማየት እፈልጋለሁ።»

«እማዬ፣ ሐውልቱ እኮ ተመልሷል።»

«አውቃለሁ። ባዶውን ነው ማየት የምፈልገው።»

እማዬ 31 ዓመት አስተማሪ ነበረች። አንደኛ ደረጃ፣ ኅብረተሰብ። ሐውልቱ ከመመለሱ በፊት፣ ስለ እሱ ባስተማረች ቁጥር አንድ ልጅ እጁን ያወጣና «ቲቸር፣ መቼ ነው የሚመልሱልን?» ይላታል። መልስ አልነበራትም። ይህን ከነገረችኝ በኋላ ሌላ ከተማ ማሰቡን ተውኩት።

ግን ፈርቼ ነበር። ሮም ሄጄ አላውቅም። እማዬ 67 ዓመቷ ነው፤ ደረጃ ስትወርድ ጉልበቷን ያማታል። ስለ ሮም ኪስ አውላቂዎች ደግሞ ያላስጠነቀቀኝ ሰው የለም። አንዷ ጓደኛዬ ቦርሳዋን ከነፓስፖርቷ ተሰርቃ ነው የተመለሰችው።

ስለዚህ ከጉዟችን ሦስት ሳምንት በፊት ማታ ማታ ሻይ ይዘን ማቀድ ጀመርን። ከኮሎሲየም አልጀመርኩም። የጀመርኩት ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ነው፤ ከአውሮፕላን ወርደን አልጋችን ጋ እስክንደርስ ካለው። ሰው በማያውቀው ከተማ በጣም የሚጋለጠው ያኔ ይመስለኛል። ደክሞታል። ሻንጣ ይጎትታል። ስልኩ ኔትወርክ እየፈለገ ነው። ግራ መጋባቱ ፊቱ ላይ ይነበባል። እነዚያን ሁለት ሰዓታት ቤቴ ተቀምጬ፣ ሳልደክም፣ ልጨርሳቸው ፈለግኩ።

ርካሹ በረራ ሮም የሚገባው ሌሊት ነበር። እኔ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ የሚያርፈውን ቆረጥኩ። ልዩነቱ 40 ዩሮ ነው፤ አልቆጨኝም። ማረፊያም ብዙ ሰው ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ዙሪያ ይይዛል፤ ዋጋው ይሻላል፣ ሁሉም ትራንስፖርት እዚያ ነው። እኔ ግን ሞንቲ የሚባለውን ሰፈር መረጥኩ። ከተርሚኒ በሜትሮ አንድ ፌርማታ ነው። ወደ ኮሎሲየምም አንድ ፌርማታ። በጉግል ማፕ ከሜትሮው በር እስከ ሆቴሉ ድረስ መንገዱን በምስል እየተከተልኩ ለእማዬ አሳየኋት። ጥጉ ላይ ያለውን ዳቦ ቤት አይታ ፊቷ በራ። «ፉርኖ ይላል!» በእርግጥም ይላል። ፉርኖ ጣልያንኛ ነው፤ ፌርማታም፣ ጎሚስታም፣ ፒያሳም። እማዬ ሮም የገባችው ያን ማታ ነው ማለት ይቻላል።

ለገንዘብ ደግሞ ልብስ ስር የሚታሰር ቀጭን ቦርሳ ገዛሁላት። አገላብጣ አየችውና መለሰችልኝ። «እኔ መቀነት አለኝ።» ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። ፓስፖርቷን በፌስታል ጠቅልላ፣ ብሮቹን አራት ቦታ አጣጥፋ፣ መቀነቱ ውስጥ ቋጥራዋለች። እናቷም ገበያ ስትወርድ እንዲሁ ነበር የምታደርገው። ስፈታው ራሴ አስር ደቂቃ ፈጀብኝ። የገዛሁትን ቦርሳ እኔው አሰርኩት።

አንድ ነገር ደግሞ ላንሳ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋልና። ለሼንገን ቪዛ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ይጠየቃል። ቪዛው ከተመታ በኋላ ወረቀቱ ሻንጣ ስር ይቀበራል። የእማዬን ፈልፍዬ አወጣሁት። ሲታመሙ የሚደወልበት ቁጥር እዚያው ላይ አለ። ቁጥሩን ስልኬ ላይ መዘገብኩ። ከዚያ እማዬ በራሷ እጅ ጽሑፍ በትንሽ ካርቶን ላይ የሆቴሉን አድራሻ፣ የእኔን ስልክ፣ የአደጋ ጊዜ ቁጥሩን 112 ጻፈች። የአስተማሪ ጽሑፍ ስለሆነ ፖሊስም ቢሆን ሳይቸገር ያነበዋል።

የመጨረሻው ስምምነታችን እንዲህ ነበር፦ ባቡር ቢለያየን፣ ባቡሩ ውስጥ ያለው ሰው የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ ይወርዳል፤ ወርዶ እዚያው ይቆማል። አይመለስም። ወደ ውጭም አይወጣም። ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። «ተማሪሽ አደረግሽኝ» ብላ ሳቀች።

ፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ ስንደርስ ገና ከበሩ ሳንወጣ ሱፍ የለበሰ ሰው ቀረበን። ደረቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሏል። «ታክሲ? ታክሲ፣ ማዳም?» አንገቴን ነቅንቄ አለፍኩ። ሕጋዊ ታክሲ ነጭ መሆኑን፣ ውጭ በወረፋ እንደሚጠበቅ፣ በጥንቱ የአውሬልያን ግንብ ውስጥ ላለ ሰፈር ዋጋው በከተማው የተቆረጠ መሆኑን አንብቤ ነበር። ስንሄድ 55 ዩሮ ነበር፤ በሰው ሳይሆን በመኪና፣ ሻንጣውም እዚያው ውስጥ። ብቻዬን ብሆን በባቡሩ እሄድ ነበር፤ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ በ14 ዩሮ፣ በ32 ደቂቃ ተርሚኒ ያደርሳል።

ታክሲው ውስጥ ከገባን በኋላ እማዬ ዝም አለች። ቆይታ «ሰውየው ሰላም ሲለን ዝም ብለሽ አለፍሽው» አለችኝ። ተከፍታብኛለች።

ያን ጊዜ ነው በሦስቱ ሳምንት ያላሰብኩት ነገር የታየኝ። ቦርሳውን፣ ሰፈሩን፣ ሰዓቱን አስቤያለሁ። ይሉኝታን አላሰብኩም። እኛ ሰው እያናገረን ጥሎ መሄድ አልተማርንም። እጁን ለዘረጋ እጅ እንሰጣለን። እንግዳ የሚያታልል ሰው የሚሠራው ደግሞ በዚሁ ነው።

በማግስቱ ኮሎሲየም ጋ ደረሰብን። ቲኬቱን ቀደም ብዬ ከዋናው ድረ ገጽ ገዝቻለሁ። ቲኬቱ በስም ነው የሚቆረጠው፤ ስለዚህ የእማዬን ስም እስከነአያቷ ፓስፖርቷ ላይ እንዳለው አድርጌ ነበር የሞላሁት፤ በሩ ላይም ፓስፖርቷን አይተው ነው ያስገቡን። አይተን ስንወጣ አንድ ወጣት ፈገግ ብሎ መጣ። አፍሪካዊ ነው። «ማማ! አፍሪካ! ከየት ናችሁ?» አለ በእንግሊዝኛ። እማዬ ደስ አላት። «ኢትዮጵያ» አለችው። እጇን ለሰላምታ ዘረጋች። ልጁ እጇን ይዞ እያወራ፣ በሌላው እጁ ባለ ቀለም ክር አንጓዋ ላይ ቋጠረ። ፈጣን ነው። «ስጦታ ነው፣ ለእናት» አለ። ሁለት እርምጃ ሄድ ስንል ተከተለን። ስለ ልጁ መታመም ነገራት። ጓደኛውም መጣ። ድምፁ ተለወጠ። እማዬ ፈራች። የኮቴ ኪስ ውስጥ ካስቀመጥኩት የቀን ወጪ 5 ዩሮ አውጥቼ ሰጠሁና ይዣት ሄድኩ። መቀነቷን እዚያ ብትፈታ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ለዕለት የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ለብቻው፣ በቀላሉ በሚወጣ ቦታ መያዝ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

እማዬ አልተናደደችም። ክሩን ስታየው ቆየችና «ማን ያውቃል፣ እናቱ የት እንዳለች» አለች። ማታ ግን ሆቴል ውስጥ መስታወት ፊት ቆማ አገኘኋት። ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ «ኖ፣ ግራትሲዬ» ትላለች። ደግማ ትላለች። «መንገዱ ይሄ ነው» አለችኝ። «ሰላምታውን አልነፈግሁትም፤ ግን እጄ ደረቴ ላይ ስለሆነ ማንም አይዘውም። እግሬ ደግሞ አይቆምም።» ከዚያ በኋላ ለአበባ ሻጩም፣ ፊርማ ለሚያሰባስቡትም፣ ሁሉንም እንዲሁ ስታልፋቸው አየኋት። አንዱ መልሶ እጅ ነሥቷታል። ካነበብኩት ምክር ሁሉ ይሄ የእሷ ይበልጣል።

በሦስተኛው ቀን ቫቲካን ነበር የምንሄደው። ከተርሚኒ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ በኪስ አውላቂ ስሙ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ሜትሮውን መረጥን። ተርሚኒ ላይ ከቢ መስመር ወደ ኤ መስመር እንቀይራለን። ባቡሩ ሲመጣ ሰዉ ተገፋፋ። እማዬ ገባች። እኔ ልከተላት ስል ሦስት ወጣቶች በሩ ላይ ቆመው ወረዱ፣ ገቡ፣ እንደገና ወረዱ። በሩ በመሃላችን ተዘጋ። በመስታወቱ የእማዬን ዓይኖች አየሁ። ባቡሩ ሄደ።

ቦርሳዬን ሳይ ዚፑ እስከ ግማሽ ተከፍቷል። ውስጡ ውኃና ስካርፍ ብቻ ስለነበር ምንም አልጎደለም። ወጣቶቹ ግን የሉም።

ቀጣዩ ባቡር ሦስት ደቂቃ ይላል። ያቺን ሦስት ደቂቃ አልረሳትም። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ሬፑብሊካ ፌርማታ ላይ ስወርድ እማዬ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች። ካርቶኗን አውጥታ ይዛታለች። ስታየኝ «ፌርማታ አይደል ያልሽው? ወረድኩ» አለች። አቅፌያት አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም።

ቫቲካንን በደንብ አይተናል፤ ብዙ ሰው ስለጻፈበት አልደግመውም። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግድ ነው፤ እማዬ ነጠላዋን ይዛ ስለነበር አልተቸገርንም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የሐበሾቹ ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። የኢትዮጵያ መነኮሳት ይኖሩበት ነበር። ከእነሱ አንዱ አባ ተስፋ ጽዮን የግእዙን ሐዲስ ኪዳን በ1540ዎቹ መጨረሻ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ እዚያው ሮም አሳትመዋል። ዝም ብሎ የሚገባበት ቦታ ስላልሆነ ከሩቅ የቅዱስ ጴጥሮስን ጉልላት እያየን እማዬ ተሳለመች።

ማታ ተርሚኒ አካባቢ ካሉት የሐበሻ ቤቶች አንዱ ጋ ሽሮ በላን። ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንክዌቼንቶ ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያቸውም ከጣቢያው ብዙ ሳይርቅ ቆሟል። ለገሃር ያለው የይሁዳ አንበሳ በወረራው ዘመን ተወስዶ የተቀመጠው እዚያ ሥር ነበር። ዘርዓይ ደረስ ሰይፉን የመዘዘውም እዚያው ነው። እማዬ ይህን ቆማ ልታስረዳኝ ፈለገች። መሽቷል፤ ቦታውም ሲመሽ ደስ አይልም። «እየሄድን ንገሪኝ» አልኳት። ሆቴል እስክንደርስ ነገረችኝ።

የአክሱምን ቦታ ለመጨረሻው ቀን ጠዋት አቆየችው። ቺርኮ ማሲሞ በሜትሮ ከሆቴላችን ሁለተኛው ፌርማታ ነው። ከጣቢያው ስንወጣ ወዲያው ትልቁ ነጭ ሕንፃ ታየን፤ የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት፣ ፋኦ። ሕንፃው መጀመሪያ የተሠራው ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር። ሐውልቱ ከፊት ለፊቱ፣ ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ፣ ከ1930 እስከ 1996 ዓ.ም. ቆሟል። ወደ 24 ሜትር የሚረዝም ድንጋይ። በ1997 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ በ2000 አክሱም ላይ ተተከለ።

አሁን መኪና ይዞርበታል። ሣር አለ። ዳር ላይ በመስከረም 11ዱ የኒው ዮርክ ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ የቆሙ ሁለት ዓምዶች አሉ። እማዬ ዓምዶቹ ጋ ሄዳ የተጻፈውን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት፤ አማተበች። ከዚያ ወደ መሃሉ ዞራ ቀና ብላ አየች። ሐውልቱ ቢኖር ጫፉ የሚሆንበትን ከፍታ ነው የምታየው። ሰማይ ብቻ ነው ያለው። ረጅም ጊዜ ቀና እንዳለች ቆየች።

«ፎቶ አንሺኝ» አለች።

ስልኬን ከማውጣቴ በፊት ጀርባዬን ለግንብ ሰጠሁ። ዙሪያዬን አየሁ። ማንም አልነበረም። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። «እኔን አይደለም» አለች በእጇ እያሳየችኝ። «ከኋላዬ ያለውን ክፍት ቦታ አስገቢልኝ።»