የእማዬ ያልደረሱ ስለቶች

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ!

ይህን የምጽፍላችሁ ቡሬ፣ እናቴ ቤት ሆኜ ነው። ጠላው ደርሷል። በጉ ጓሮ ታስሮ ይጮኻል። እማዬ ሽንኩርት ስታስከትፈኝ ቆይታ አሁን ገና ለቀቀችኝ። ስለ ዶሮ ዋጋ ዘንድሮ አላወራም፤ ሁላችሁም ገበያ ወጥታችኋል።

ይልቅ ከእማዬ ጋር ስለጀመርነው ጉዞ ላውራችሁ። ፎቶዎቻችንን ያያችሁ «ይሄ ሁሉ ሽርሽር ከየት መጣ?» ብላችሁኛል። ሽርሽር መባሉን እማዬ እንዳትሰማ። እሷ ዕዳዋን እየከፈለች ነው።

ነገሩን የጀመረው ቅናት ነው። አንድ ባልደረባዬ አባቱን ይዞ ላሊበላ ደርሶ መጣ። ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ወሬ የለውም። እኔም ወደ ቡሬ ደወልኩና «እማ፣ በሕይወትሽ ለማየት የምትመኚው ምንድን ነው?» አልኳት። «እናንተን ካየሁ ምን ጎደለኝ፣ ልጄ?» ብላ ስለ ጤናዬ መጠየቅ ጀመረች። የእናንተም እናቶች ከዚህ የተለየ የሚመልሱ አይመስለኝም። እንዲህ ፊት ለፊት ከጠየቋቸው ምኞት የሚባል ነገር የላቸውም።

ታላቅ እህቴ ግን ብልጥ ናት። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ፣ እንደ ዋዛ፣ «እማ፣ ያልደረሰ ስለት አለብሽ እንዴ?» አለቻት። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማት! ለክብራን ገብርኤል ጥላ፤ እኔ ሕፃን ሆኜ ኩፍኝ ሲይዘኝ የተሳለችው። ለዑራ ኪዳነ ምሕረት መጋረጃ፤ እህቴ ምጥ ጠንቶባት ባደረች ሌሊት። ግሽ ዓባይ ሄዶ መጠመቅ፤ ለአባታችን ወገብ። አባታችን ካረፈ ቆይቷል። እህቴ «ይሄማ ቀርቷል» ስትላት እማዬ ተቆጣች። «ሰው ቢሞት ስለት ይሞታል እንዴ? እኔ አለሁ አይደል!»

እህቴ ሁሉንም ስልኳ ላይ ጻፈችው። ዝርዝሩን ሳነበው የገረመኝ፣ ሁሉም የእኛ ጉዳይ ነው። የታመምነው እኛ፣ ያማጥነው እኛ፣ ፈተና የፈራነው እኛ። የተሳለችው እሷ። ለራሷ ብላ የተሳለችው አንድ እንኳ የለም።

ሰው ወላጅ ይዞ መጓዝን ሲያስብ ገንዘቡ የሚከብድ ይመስለዋል። እኛን ያስቸገረን ቀን መቁረጥ ነው። የእኔ ፈቃድ በመሥሪያ ቤት ወረቀት ነው፣ የእማዬ ደግሞ በቅዱሳን ስም። «ሐሙስ እንሂድ» ስላት «ሐሙስ ስንት ይውላል?» ትላለች። 21 ከሆነ የማርያም ዝክር አለባት። 12 ከሆነ ሚካኤል ሳትስም አትወጣም። በዚህ ላይ የአገራችን መንገድ አለ። ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ደግሞ ይከፈታል። ለዚህ ነው ጉዟችን ሁሉ ተቆራርጦ የተጓዝነው። የመንገዱን ነገር ከዚህ በላይ ባልጽፈውም ጎጃም ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

መጀመሪያ የሄድነው ጣና ነው። ክብራን ገብርኤል ከባሕር ዳር ብዙ አይርቅም፣ ግን ሴት አይገባበትም። እማዬ ይህን እያወቀች ነው የተሳለችው። ጀልባዋ ስትጠጋ ጥላውን አቀበለችኝና «የተሳልኩት ባንተ ነፍስ ነው። አንተው ግባና አድርስ» አለችኝ። ይዤ ወጣሁ። እሷ ጀልባዋ ላይ ሆና ተሳለመች።

ሴት ለምን አትገባም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው። ግን ልሸሽጋችሁ አልችልም፣ ስመለስ ከሩቅ አንገቷን ደፍታ ሳያት ከነከነኝ። «እማ፣ እዚህ ድረስ መጥተሽ ሳትገቢ መቅረትሽ ቅር አይልሽም?» አልኳት። «ያኔ የሰማኝ ቡሬ ሆኜ አይደል?» አለች። ቀጥላ ወደ ዋናው ጉዳይ ገባች። ጥላውን ማን ተቀበለ? ምን ብለው መረቁ? ዘርግተው አዩት ወይስ እንደታጠፈ አስቀመጡት? እንደታጠፈ ነበር። ዘርግተውታል አልኳት። ገብርኤል ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ ወደ ዘጌ ቀጠልን። ጀልባ ለማያውቅ ሰው ውኃው ላይ አንድ ሰዓት ያህል መቆየት ቀላል አይደለም፤ እማዬ ግን የደንገል ታንኳ ይዘው የሚያልፉትን ሁሉ ሰላም እያለች ነው የደረሰችው። ከወደቡ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያለው መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ያልፋል። በዘጌ በበሬ አይታረስም። አቡነ በትረ ማርያም ቡናውን፣ ጌሾውንና ሎሚውን ሰጥተው «ሳታርሱ ኑሩ» ብለዋል ይባላል። የገበሬ ልጅ ለሆነችው እማዬ ይሄ ከባድ ዜና ነበር። ቆም ብላ «ሳያርሱ?» አለች። በመጨረሻ ጌሾውን አሽትታ አመነች፣ ገዛችም። የዛሬው ጠላ በዚያ ጌሾ የተጠነሰሰ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አስጎብኚው ሥዕሎቹን ማስረዳት ጀመረ። ብዙም አልቆየ። በላኤ ሰብእ ጋ ስንደርስ እማዬ ተቀበለችው። 78 ሰው የበላው ሰውዬ፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ድኻ የሰጠው አንድ እፍኝ ውኃ፣ ሚዛኑ፣ ፍርዱ፤ አንድም ሳታስቀር ተረከችው። ከኋላችን የነበሩ ጎብኚዎች ወደ እሷ ተጠጉ። አስጎብኚው ጨዋ ልጅ ነው። ዝም ብሎ አዳመጣት፣ ሲያበቃ «እናቴ፣ ነገም ይምጡልን» አላት። እንደዚያ ቀን ኮርታ አይቻት አላውቅም።

ግሽ ዓባይ ሌላ ነው። ከጥሊሊ ወደ ሰከላ ተገንጥለን ሄድን። ወደ ምንጩ እህል ቀምሶ መቅረብ ስለማይፈቀድ ሁላችንም በባዶ ሆድ ነን። እኔና ሹፌሩ አዛጋን፣ እማዬ ግን ዳገቱን ከእኛ ቀድማ ወጣች። ጻድቁ አቡነ ዘርዓ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለውኃው አደራ ሰጥተው፣ በኋላ ሳይርሱ ተቀበሉ ይባላል። ይህንንም እየነገረችን ነው የወጣነው። ምንጩ ጋ ደርሳ ግን ዝም አለች። ዓባይ እዚያ ትንሽ ነው፤ ጎንበስ ብለው በጣሳ የሚቀዱት። «ይችው ናት?» አለች። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል ፖርቱጋሎች የላኩት ቄስ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1770፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ እዚህ ድረስ መጥተው ምንጩን ማየታቸውን ነገርኳት። «የሰከላ ሰው አሳይቷቸው ይሆናላ» አለች። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

ተጠመቀች። የአባቴን ስም ጠርታ ተጠመቀች። ጀሪካኑንም ሞላን።

እማዬ ለሕዳሴው ግድብ ቦንድ ገዝታለች። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ በቴሌቪዥን እያየች ደወለችልኝ። «ያቺ ከግሽ የቀዳናት ናት ይህን ሁሉ የሞላችው?» አዎ ናት፣ መንገድ ላይ ብዙ ወንዝ ተጨምሮባት። «እኛም ቀድተንባት ነበር፤ እንኳን አልጎደለች» ብላ ሳቀች።

ጢስ ዓባይንም በመስከረም፣ ውኃው ሞልቶ ሳለ አይተናል። ነጠላዋ ራሰ፣ ደስ አላት፣ ተመለስን። አውሮፕላኑ ደግሞ የእኔ ጭማሪ ነው። የዓባይን በረሃ በአውቶቡስ ከደጀን ቁልቁል ስትወርድ የምታየውን አበሳ ስለማውቅ፣ አንዴ ከላይ ትየው ብዬ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአውሮፕላን ወሰድኳት። ሌሊቱን ስንቅ ስታዘጋጅ አድራ ኖሮ እስክናርፍ ተኛች። ወላጅን ለማስደሰት ብለን ከምናደርገው ስንቱ የራሳችን ምኞት ነው ስል ያን ቀን አሰብኩ።

የእሷ የራሷ የሆነው ምኞት የተገኘው ሳንፈልገው ነው። ከባሕር ዳር ስንመለስ፣ ኮሶበርን አልፈን ወደ ዘንገና ስንቃረብ፣ አንድ ልጅ ያለ ኮርቻ ፈረስ እየጋለበ መንገዱን አቋረጠ። እማዬ በመስኮት ዞራ እስኪጠፋ አየችው። «ወገቡን አልለቀቀም። እንደዚያ አይጋለብም» አለች። ሹፌሩም እኔም ዘወር አልን። እናቴ የተወለደችው አገው ምድር፣ ባንጃ ነው። ልጅ ሆና የአባቷን ፈረስ ወንዝ የምታወርደው እሷ ነበረች፣ ሰው በሌለበት እየጋለበች። አንድ ቀን አጎቷ አያትና «ሴት ልጅ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ፈረስ አትወጣም» ተባለች። ከዚያ ጋብቻ፣ ቡሬ፣ እኛ። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አልነገረችንም። ለምን እንዳልነገረችን ስጠይቃት «ማን ጠየቀኝ?» አለች።

እንግዲህ ቀጣዩ ቀጠሯችን ጥር 23 ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። በየዓመቱ በጊዮርጊስ ዕለት እንጅባራ ላይ ፈረሱ ሁሉ ጌጡን ለብሶ ይወጣል፣ አድዋ የዘመቱት ፈረሶችና ፈረሰኞች ይታሰባሉ። እማዬ ይህን በዓል በሬዲዮ ሰምታው ታውቃለች እንጂ አይታው አታውቅም። መንገዱ ሰላም ከሆነ እንሄዳለን። የምትለብሰውን ቀሚስ ካሁኑ አውጥታዋለች። እህቴ «ፈረስ ላይ ልውጣ እንዳትል ጠብቃት» ብላ አስጠንቅቃኛለች። እኔ ግን ልከለክላት አላሰብኩም፤ አንድ ለስላሳ ፈረስ ያለው ሰው ከመካከላችሁ ካለ በውስጥ መስመር ያናግረኝ።

እማዬ አሁን «ለማን ነው ይሄን ያህል የምትጽፈው?» አለችኝ። ለወዳጆቼ አልኳት። «እንኳን አደረሳችሁ በልልኝ። ጾመው ነው የከረሙ፣ ነገ ጥሬ ሥጋ ላይ እንዳይሮጡ። መጀመሪያ ትኩስ ነገር ይቅመሱ» ብላለች።

መልካም ገና!