ዳሎል፣ የፈረሰው ሰፈር
ዛሬ ዳሎል ዋልን። ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሳው ቢጫና አረንጓዴው የአሲድ ኩሬ ጋ ነው፣ እኔን ግን የያዘኝ የፈረሰው የማዕድን ሰፈር ነው። ከጨው ጡብ የተሠራ ግድግዳ፣ ጣሪያ የለም፣ ዙሪያውን የዛገ ብረታ ብረት ተበትኗል። ከመቶ ዓመት በፊት ጣሊያኖች ፖታሽ (ለማዳበሪያ የሚሆን የጨው ማዕድን) ሊያወጡ ብለው ኤርትራ ካለው የመርሳ ፋጡማ ወደብ ወደዚህ አቅጣጫ ባቡር ዘርግተው ነበር፤ ኋላ ደግሞ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ሞከረ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተመዘገበው የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ነው። አማካይ እኮ ነው፣ ሌሊቱም ተጨምሮ! እዚህ ሰው ቢሮ ገብቶ ይሠራ ነበር ማለት ነው? እኛ ኤሲ ባለው መኪና ሄደን እንኳ ረፋዱ ላይ አለቀልን። አፋሮቹ ግን ታች ሜዳው ላይ አሁንም ጨው ጠርበው ግመል ይጭናሉ። የምትሄዱ ካላችሁ ውሃ አብዝታችሁ ያዙ፣ አሮጌ ጫማም አድርጉ፣ ጨውና አሲዱ ይበላዋል።