ሦስት የክብሪት እንጨት

ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቼ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ስዘጋጅ፣ አንድ ጥያቄ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ።

ሳይን ሀ + ሳይን ለ = √3/2
ኮሳይን ሀ + ኮሳይን ለ = 1/2

የሚፈለጉት ማዕዘኖቹ ሀ እና ለ ናቸው፤ ሁለቱም ከ0° ጀምሮ ከ360° በታች ናቸው።

መጀመሪያ እንደ ተራ ጥንድ እኩልታ አየሁት። ሳይን ለን ለብቻው አውጥቼ ሁለተኛው ውስጥ ተካሁ፤ ደብተሩ በስር ምልክት ተሞላ እንጂ ጠብ ያለ ነገር የለም። በዚያ መንገድ ማንም እንዲሄድ አልመክርም።

በማግሥቱ ሁለቱንም ስኩዌር አድርጌ ደመርኳቸው። ግራው 2 + 2ኮሳይን(ሀ−ለ)፣ ቀኙ 3/4 + 1/4 = 1 ሆነ። ስለዚህ ኮሳይን(ሀ−ለ) = −1/2፤ ልዩነታቸው 120° ነው አልኩ። ድምሮቹን ወደ ብዜት ቀይሬ ላይኛውን ለታችኛው ሳካፍል፣ የግማሽ ድምራቸው ታንጀንት √3 መጣ፤ ግማሽ ድምሩ 60° ወይም 240° ማለት ነው። ከ60° 120° እና 0° ወጡ፣ ከ240° ደግሞ 300° እና 180°። ደስ አለኝ።

ልተኛ ስል ግን 300° እና 180°ን መልሼ ብተካ −√3/2 እና −1/2 ሰጡኝ። ቁጥሩ ልክ፣ ምልክቱ ግን የተገለበጠ!

መብራት ስለጠፋ ክብሪቱ ከሻማው አጠገብ ነበር። አንድ ማዕዘን ማለት ርዝመቱ 1 የሆነ ቀስት መሆኑ ትዝ አለኝ፤ ኮሳይኑ ወደ ጎን፣ ሳይኑ ወደ ላይ የሄደበት ነው። ሁለት ቀስት ተቀጣጥለው (1/2፣ √3/2) ላይ መድረስ አለባቸው። ያ ነጥብ ከመነሻው ርቀቱ 1 ነው፣ አቅጣጫው 60°። ሦስት እንጨት ጠረጴዛው ላይ ገጠምኩ፤ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ጎነ ሦስት! አንዱ በ0° ተኝቷል፣ ሌላው በ120° ዘንበል ብሏል። የትኛውም ሊቀድም ስለሚችል መልሱ ሁለት ብቻ ነው፦ (0°፣ 120°) እና (120°፣ 0°)። 300° እና 180° የሚወስዱት ወደ ተቃራኒው ጥግ ነበር። ስኩዌር ማድረግ ምልክትን ያጠፋል፤ ሁለት ኔጌቲቭ ሲካፈሉም ይጣፋሉ። ሁለቱም መንገዶቼ ዕውር ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ስኩዌር ከማድረጌ በፊት የቀኝ ጎኖቹን ምልክት ኅዳጉ ላይ እጽፋለሁ፤ ያገኘሁትንም በሁለቱም እኩልታ ሳልተካ አልተውም።

በቅርቡ ታናሽ እኅቴ የሳይኖቹ ድምር 1፣ የኮሳይኖቹ ድምር 0 የሆነ ጥያቄ ይዛ መጣች። ለ0 ላካፍል ብላ ተቸግራለች። ክብሪት አቀበልኳት። ሦስተኛውን እንጨት ቀጥ አድርጋ አቆመችና ግራና ቀኙን ገጥማ፣ «30° እና 150°!» አለች።