ውትድርና የሚቆጠረው በር ላይ ብቻ ነው?

ዛሬ ቡሬ ከተማ ውስጥ የተለጠፈ የሥራ ማስታወቂያ አነበብኩ። ለጥበቃ ሠራተኛ «ከመከላከያ ሠራዊት በክብር የተሰናበተ» ይላል። ዝቅ ብሎ ንብረት ክፍል ሠራተኛም ይፈለጋል። እዚያ ጋ ዲፕሎማና የሥራ ልምድ እንጂ ውትድርና የሚል ነገር የለም። ነገሩ ከነከነኝ።

እኔ የምሠራበት መጋዘን በር ላይ ያሉትን ሰው ሁላችንም «ሃምሳ አለቃ» ነው የምንላቸው። የ1990ው የባድመ ጦርነት ሲነሳ ዘመቱ፤ ከዚያም ብዙ ዓመት አገለገሉ። በምን ሙያ? ስንቅና ትጥቅ። የሻለቃ ቀለብ፣ ነዳጅ፣ ጥይት ሲያስገቡና ሲያስወጡ ኖረዋል። ቀለሁ ሳይቀር በቁጥር ይመለስ ነበር ይላሉ።

ማዳበሪያ ሲገባ መጋዘናችን ይተራመሳል። ባለ 50 ኪሎው ጆንያ ይራገፋል፤ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኙ) እና ቢን ካርዱ (የክምችት መቆጣጠሪያው) አይገናኙም። ያኔ ከየትኛው መኪና ምን ያህል እንደወረደ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። በር ላይ ቆመው የጆንያውን ድርድር በዓይናቸው ቆጥረውት ያድራሉ። አለቃችን ታዲያ ምን ይላል? «ወታደር አይደል፣ አይተኛም!»

ሙገሳ ነው እንግዲህ። ግን እንዲህ ያለው ሙገሳ ሰውን በሩ ላይ ያስቀረዋል። ታማኝ ነው፣ ታዛዥ ነው፣ ሰዓት ያከብራል። ያስባል የሚል ግን የለም። «ወታደር ቁጡ ነው» ብሎ ገና ሳያውቀው የሚፈራም አለ።

አጎቴም እንዲሁ ነበር። በደርግ ጊዜ የመገናኛ ባለሙያ ነበር። ግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለሰ። እኔ የማውቀው መናኸሪያ ጭነት ሲያወርድ ነው። ማታ ማታ የጎረቤቱን ሬዲዮ ሁሉ በነጻ ይጠግናል። ሙያ አለው ብሎ የቀጠረው ግን አልነበረም። (የተሠራላቸው ሰዎች ቡና ይጠሩት ነበር፣ እሱም ደግ ነው።)

ከሰዓት በኋላ ሃምሳ አለቃን አዋየኋቸው። የሙያ ብቃት ምዘና፣ ሲኦሲ የሚባለው፣ በሥራ ለተማረም ክፍት ነው፤ ለንብረት ክፍል ለምን አይፈተኑም አልኳቸው። ሳቁ።

«አንቺ ልጅ፣ እዚያ ጉድለት ሲገኝ የሚቆረጠው ደሞዝ ነው። እዚህ የሚቆረጠው እንቅልፍ ብቻ ነው።»

ትንሽ ቆይተው ግን ምዘናው ስንት ብር እንደሚያስከፍል ጠየቁኝ።